አክተሩ አይሞትም፣ ፊልሙ ግን ያረጃል

ፊልም ሲያረጅ ቀድሞ የሚያውቀው ሻጩ ነው። ሃያሲው ሳይጽፍ፣ ሠሪውም ሳያፍር ወሬው እኔ ዘንድ ይደርሳል። መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ያለችው ሱቄ ሞባይል ትጠግናለች፣ ካርድ ትሸጣለች፣ ፊልምና ዘፈን በሜሞሪና በፍላሽ ትጭናለች። የገበያ ቀን ገብሱንና በጉን ሸጦ የጨረሰ ገበሬ ወደ ቀበሌው ከመመለሱ በፊት ጎራ ይልና ሜሞሪዋን ከስልኩ ጀርባ በጥፍሩ ፈልቅቆ ያቀብለኛል። «አዲስ የወጣ ጫንልኝ» የማይለኝ የለም። እኔ ጆሮዬን የማቆመው ግን «ይቺን ደግሞ አጥፋልኝ» ሲባል ነው።

ሰው አጥፋልኝ የሚለው ምስሉ የደበዘዘውን ወይም ድምፁ የተቆራረጠውን አይደለም። እሱንማ ችሎ ያያል። አጥፋልኝ የሚለው ድሮ ሆዱን ይዞ የሳቀበትን፣ አሁን ከልጆቹ ጋር ተቀምጦ ሲያየው ግን ያሸማቀቀውን ነው። ይህን ሥራ ከቪዲዮ ቤት ዘመን ጀምሮ ስላየሁት፣ የትኛው ፊልም በምን ምክንያት እንደሚበላሽ የራሴ የሆነ አስተያየት አለኝ። እሱን ከመናገሬ በፊት ግን ፊልም እዚህ ደጋ ድረስ እንዴት እንደወጣ ላስቀድም።

ፊልም ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቀደም ብሎ የተከፈተውን ማሳያ ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» አለው፤ ስሙም ሳይለቀው ቀረ። ሰይጣኑ ከጣርማበር ተገንጥሎ ወደ መንዝ ለመውጣት ግን ብዙ ዘመን ፈጀበት። የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው?» በ1957 ዓ.ም.፣ የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» ደግሞ በ1966 ዓ.ም. ሲሠሩ፣ የእኛ አገር ሰው ስለ ፊልም የሚያውቀው ከከተማ የተመለሰ ዘመድ ከሚያወራው አያልፍም ነበር። ታላላቆቻችን የሚያስታውሱት የመንግሥትን መኪና ነው። ሜዳ ላይ ይቆማል፣ አቡጀዲ ይወጠራል፣ ስለ ንጽሕናና ስለ ክትባት፣ በደርግ ጊዜም ስለ መሠረተ ትምህርትና ስለ ሰልፍ ያሳያል። ሲያበቃ አቡጀዲውን ጠቅልሎ ይሄዳል። ሰው መርጦ፣ ከኪሱ ከፍሎ የሚያየው ፊልም የመጣው ከዴክ ጋር ነው።

ቪዲዮ ቤት በየወረዳው ከተማ የተስፋፋው ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ነው። የእኛው ጭቃ ቤት ነበር፤ ብርሃን እንዳይገባ መስኮቱ በጆንያ የተደፈነ፣ ከፊት ከፍ ያለ ሳጥን ላይ ቴሌቪዥን፣ ከሥሩ ዴክ፣ ከዚያ ወደ ኋላ የተደረደረ አግዳሚ ወንበር። ደጅ የተሰቀለው ሰሌዳ ላይ «ዛሬ ማታ፣ ልብ አንጠልጣይ የጦር ፊልም» ተብሎ በጠመኔ ይጻፋል። ሞንታርቦው የጥይቱን ድምፅ ወደ መንገድ ይለቀዋል፤ የመግቢያ ሳንቲም ያጣ ልጅ ግድግዳውን ተደግፎ ፊልሙን በጆሮው ይጨርሳል። ክረምት ላይ ጉሙ በበሩ ሥር እየገባ ተመልካቹ ባናውን ጉልበቱ ላይ ጥሎ ይቀመጣል፤ ቤቱ በሙሉ እርጥብ የበግ ጠጉር ይሸታል። መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ድረስ ያለው ጩኸት ከፊልሙ ድምፅ ይበልጣል።

የእኔ ሥራ ዴኩን ማጽዳት ነበር። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ብርዱና እርጥበቱ ለካሴት አይመችም። ክረምት የከረመ ካሴት በቴፑ ጥቅል ጠርዝ ላይ ነጭ ሻጋታ ይታይበታል። እሱ ዴክ ውስጥ ከገባ ቴፑን የሚያነበውን የዴኩን ሄድ ይደፍነዋል፤ ምስሉ ጠፍቶ መስታወቱ ላይ ነጭ ነጥብ ብቻ ይርመሰመሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ካሴቱ በፀሐይ ይሰጣል፣ ቀጥሎ ጥጥ በአልኮል ተነክሮ ሄዱ በቀስታ ይታሻል። ቴፑ የተነከሰ እንደሆነ የተጨማደደው ተቆርጦ ይወጣና ሁለቱ ጫፎች በስኮች ይያያዛሉ። መሐል ሜዳ የሚያውቀው ራምቦ በዚህ ምክንያት አንዳንድ ቦታ ላይ ገደል አፋፍ ቆሞ የነበረና ድንገት ሄሊኮፕተር ውስጥ የሚገኝ ራምቦ ነው። ማንም ግን አላማረረም።

የቪዲዮ ቤት ሕግ አንድ ነበር፦ አክተሩ አይሞትም። አዲስ የገባ ልጅ ሲጨነቅ የሚነገረው ይኸው ነው። አክተሩ ማን እንደሆነ ለማወቅም ቋንቋ አያስፈልግም፤ ካሜራው ደጋግሞ የሚያሳየውን ፊት ማየት ይበቃል። «ራምቦ 3» እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣ ፊልም ነው። አሜሪካዊው ጀግና አፍጋኒስታን ገብቶ ከሙጃሂዲኖች ጋር ተሰልፎ የሶቪየትን ጦር ያርበደብዳል፤ በመጨረሻም ፊልሙ ለጀግናው የአፍጋኒስታን ሕዝብ የተበረከተ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ይወጣል። አግዳሚው ላይ ሆነው ከሚያጨበጭቡት መካከል ከተበተነው የደርግ ጦር የተመለሱ፣ ዕድሜያቸውን የሶቪየት ክላሽ ተሸክመው የፈጁ ሰዎች ነበሩ። ግራ የገባው አልነበረም፤ አክተሩ ወዲያ ነዋ! እ.ኤ.አ. በ2001 የአሜሪካ ጦር ራሱ አፍጋኒስታን ሲዘምት ግን ያ ጽሑፍ ጉድ ሆነ። ዛሬ ፊልሙን የምጭንለት ጎረምሳ «ራምቦ ታሊባን ነበር እንዴ?» ይለኛል። ሙጃሂዲንና ታሊባን አንድ እንዳልሆኑ ባስረዳውም ሳቁን አይተውም።

ከአክተሩ ጎን መቆም በእኛ አልተጀመረም። ፊልም ሠሪው ኃይሌ ገሪማ ጎንደር ውስጥ ስላደገበት ጊዜ ሲናገር፣ እሱና ጓደኞቹ የካውቦይና የታርዛን ፊልም አይተው ተራራ ላይ ካውቦይ እየሆኑ ይጫወቱ እንደነበር፣ ቀይ ሕንዶቹ እንዲያሸንፉም አንድም ቀን ተመኝተው እንደማያውቁ ያስታውሳል። ታርዛን ላይ አፍሪካውያን ከኋላው ሲያደቡበት የጎንደር ልጆች «መጡብህ!» እያሉ ለታርዛን ይጮሁለት ነበር። ካሜራው የቆመው ከታርዛን ጎን ነው፤ ጥቁሩም ልጅ እዚያው ሄዶ ይቆማል።

ከኋላ የሚያደባው ሰው የመሆን ተራ ለመንዝ ሰው የደረሰው በአማርኛ ፊልም ነው። የኢትዮጵያ ፊልም ኮርፖሬሽን በ1991 ዓ.ም. ከተዘጋ በኋላ ፊልም መሥራት የግለሰቦች ሥራ ሆነ። በውድ ሴሉሎይድ ፈንታ የቪዲዮ ካሜራ መጣ፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ላይ ሲኒማ ቤት ደጃፍ ሰልፍ ታየ፤ ብዙ ሳይቆይ ቪሲዲው እኛም ዘንድ ደረሰ። በራሳችን ቋንቋ የሚናገር አክተር! የጦር ፊልምና የካራቴ ፊልም ወደ ጥግ ተገፋ። ከእነዚያ ፊልሞች ብዙዎቹ ግን ሲጨንቃቸው የሚጠሩት አንድ ሰው ነበራቸው፤ እሱም ባላገሩ ነው። ዘበኛ ወይም የቤት ሠራተኛ ሆኖ ይቀጠራል፣ ቁምጣ ለብሶ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ይመጣል፣ ሊፍት አይቶ ያማትባል፣ ሱቅ መስታወት ውስጥ ለቆመ አሻንጉሊት ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳል። «አገርህ ወዴት ነው?» ሲባል አፉን ሞልቶ «መንዝ!» የሚልም አጋጥሞኛል። አነጋገሩ ግማሹ ጎጃም፣ ግማሹ ወሎ ነው፤ የመንዝ ሰው ዓይነት አንዲት ቃል አይወጣውም። ልብሱም እንደዚያው ነው። ውርጭ በሚጋገርበት ደጋ፣ ባናና በርኖስ በሚሸመንበት አገር፣ በቁምጣ የሚንዘላዘል ማን ነው?

አንዱ ፊልም ላይ የእርሻ ትዕይንት ነበር። ተዋናዩ እርፉን በሁለት እጁ ግጥም አድርጎ ጨብጦ፣ ጅራፉን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ያርሳል። ፊቱ ላይ ብዙ ላብ አለ፤ ሙዚቃውም ያስለቅሳል። ከአግዳሚው ላይ አንድ አባት ብድግ ብለው «ልጄ፣ በሬዎቹን ማን ይዘዛቸው?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አራሽ አንድ እጁ እርፍ ላይ፣ አንድ እጁ ጅራፍ ላይ ካልሆነ ጥማዱ ወዲያና ወዲህ እንደሚሄድ እዚያ ቤት ውስጥ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ፊልሙን የሠሩት ሰዎች አንድ ጠዋት ማሳ ዳር ቆመው ቢያዩ ኖሮ ያውቁት ነበር።

የሚገርመው፣ በባላገሩ ላይ የሚሳቀው ሳቅ እዚህም ይሳቅ ነበር። የመሐል ሜዳ ሰው የተሳቀው በገጠሬው ላይ ይመስለዋል፤ ገጠሬው ደግሞ ወንዝ ማዶ ባለው ቆለኛ ላይ ይመስለዋል። ሳቁ የጠፋው ልጆቻችን ለሥራ አዲስ አበባ ወርደው ሲመለሱ ነው። ግንባታ ላይ የዋለው፣ ሰው ቤት የተቀጠረችው፣ በዚያ ገጸ ባሕርይ ስም ሲጠሩ እንደከረሙ ይዘው የመጡትን ወሬ ቤተሰቡ ሰማ። ከዚያ ወዲህ ነው «አጥፋልኝ» የበዛው።

በእርግጥ ያረጀ ሁሉ ተበላሸ ማለት አይደለም። ተንቀሳቃሽ ስልክ ኢትዮጵያ የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው፤ የዚያን ዘመን ፊልም ብትከፍቱት ሀብታሙ ሰውዬ ሬስቶራንት ገብቶ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፣ ካሜራውም ለስልኩ ከሚስቱ የበለጠ ጊዜ ይሰጠዋል። ይህ ያስቃል፤ ማንንም ግን አይጎዳም። እንዲያውም ሰማያዊና ነጭ ላዳ የሞላበት፣ የከተማ ባቡር ያልተዘረጋበት፣ ዛሬ የፈረሱ ሰፈሮች ቆመው የሚታዩበት አዲስ አበባ በነፃ ተቀርጾልን ተቀምጧል። እንዲህ ያለው እርጅና ጥሩ ባና የሚያረጀውን ዓይነት ነው፤ ይሳሳል እንጂ አይጠላም።

ከፋ የሚለው የእርጅና ዓይነት እውቀት ጥሎት የሄደ ፊልም ነው። በ1990ዎቹ ስለ ኤችአይቪ የተሠራ ፊልምና ድራማ የትየለሌ ነበር። አብዛኛው ለበጎ የተሠራ ነው፤ ትምህርት ይሁን ተብሎ። ታሪኩም አንድ ነው፦ ውጤት ይነገራል፣ ሰማይ ይደፋል፣ ሰውየው አጥንቱ ቀርቶ አልጋ ላይ ይታያል፣ ቀብር። በጥር 1997 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር ያ ታሪክ ሐሰት ሆነ። ሰው መድኃኒቱን እየወሰደ አረሰ፣ ነገደ፣ ወለደ፣ ልጁን ዳረ። ፊልሙ ግን በየሜሞሪው ውስጥ ያንኑ ሬሳ ማሳየቱን ቀጠለ። አንዲት እናት ስልካቸውን ይዘው መጥተው፣ ሱቁ ሰው እስኪወጣለት ጠብቀው፣ «ልጄ፣ ይህን ፊልም አጥፋልኝ፤ ልጆቹ ይከፍቱታል» አሉኝ። ምክንያቱን አልጠየቅኋቸውም። ለእሳቸው ፊልሙ ያለፈ ዘመን ትምህርት አልነበረም፤ በገዛ ልጆቻቸው ፊት የሚነበብ የሞት ፍርድ ነበር።

ሌላው ጠለፋ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበትን በር ከፍቶ ትቶለት ነበር። ያ በር የተዘጋው ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። ፊልሞቻችን ግን ከሕጉ ኋላ ቀሩ። እምቢ ያለችውን ልጅ መንገድ እየጠበቀ፣ እጇን እየጎተተ፣ በጓደኞቹ እያስፈራራ የሚያሳድዳት ልጅ በመጨረሻ ሙሽራ ሆኖ ይወጣል፤ ጥፊም የፍቅር ምልክት ሆኖ ይታያል። ሙዚቃው ከእሱ ጋር ነው፣ ካሜራው ከእሱ ጋር ነው። አክተሩ እሱ ነዋ!

በ2006 ዓ.ም. የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» ካሜራውን ወደ ልጅቷ አዞረው። ታሪኩ ጠላፊዋን የገደለች የ14 ዓመት ልጅና ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ በእውን ካለፉበት የፍርድ ሂደት የተወሰደ ነው። ያም ሆኖ ፊልሙ አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ በተሰናዳበት ዕለት በፍርድ ቤት እግድ ቆመ። ያሳገደችው ራሷ ባለታሪኳ ናት፤ ሕይወቷ ያለ ፈቃዷ ተወስዷል ብላ። በኋላ እግዱ ተነስቶ ፊልሙ ታየ፤ ነገሩ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። ስለ እሷ በተቆርቋሪነት የተሠራ ፊልም እንኳ እሷን ሳይጠይቅ ሊወጣ ይችላል።

እንዲህ ያለ ነገር ሲነሳ ሁልጊዜ የሚመጣ መልስ አለ፦ «ዘመኑ እንደዚያ ነበር፤ ያኔ ማን ያውቅ ነበር?» ይህን መልስ አልቀበለውም። «የአንድ ሀገር ልደት» የተባለው የአሜሪካ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1915 ወጥቶ ጥቁሮችን አውሬ፣ ኩ ክሉክስ ክላንን ነፃ አውጪ አድርጎ ሲያሳይ፣ የጥቁሮች መብት ማኅበር ኤንኤኤሲፒ ፊልሙ እንዲታገድ በየከተማው የተሟገተው በዚያው ዓመት ነው። መቶ ዓመት መጠበቅ አላስፈለገውም። እ.ኤ.አ. በ1939 የወጣው «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ላይ የተጫወተችው ሃቲ ማክዳንኤል ኦስካር ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ጥቁር ስትሆን፣ በሽልማቱ ምሽት ከሌሎቹ ተዋንያን ተለይታ ጥግ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ነበር። ፊልሙ ባርነትን እንዳሳመረ ጥቁሮቹ ለማወቅ የእኛን ዘመን አልጠበቁም።

እኛም ዘንድ ያው ነው። የቪዲዮ ቤቱን አግዳሚ በዓይነ ኅሊናዬ ስቃኘው የማየው ወንድ ብቻ ነው። ጨዋ ቤት ያደገች ልጅ ማታ ቪዲዮ ቤት አትገባም ነበር፤ እናቶችማ ጨርሶ። ስለዚህ «ያኔ ሁሉም ይስቅ ነበር» ስንል «ሁሉም» የምንለው ከፍሎ የገባውን ጎረምሳ ነው። ጠለፋ ያስቅ እንደሆነ የተጠለፈችውን የጠየቀ የለም። ዘመኑ አልተለወጠም ማለቴ አይደለም፤ ከተለወጠው ውስጥ ትልቁ ግን ስልኩ ነው። ፊልሙ ከቪዲዮ ቤት ወጥቶ ማጀት ገባ፤ ያልተጠየቁት ሰዎች ማየት ጀመሩ፣ አስተያየታቸውንም «አጥፋልኝ» ብለው ይነግሩኝ ጀመር።

ታዲያ የማያረጀው የትኛው ነው? ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ተማሪ የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በፍላሽ አምጥቶልኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ፊልም ነው። የንጉሡ ሥርዓት ወድቆ ደርግ ገና ወንበሩን በሚያደላድልበት ሰሞን፣ ሁለት ሳምንት ያህል በሚሆን ጊዜ ውስጥ፣ ተዋናይ ካልሆኑ ገበሬዎች ጋር የተቀረጸ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በማርቲን ስኮርሴዚ ተቋም አማካይነት ታድሶ ካን ላይ ታይቷል። በሱቄ ሚዛን ከታየ ግን የማይሸጥ ዕቃ ነው፤ ቀርፋፋ፣ ጥይት የሌለው፣ ዘፈን የማይበዛበት።

ቤት ወስጄ አንድ ማታ አማቼ በተቀመጡበት ከፈትሁት። ልጆቹ ገና ከመጀመሩ «አክተሩ የትኛው ነው?» ማለት ጀመሩ። አማቼ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው በሬ ሲጠመድ፣ ሴት እንስራ ተሸክማ ሽቅብ ስትወጣ፣ ባለመሬቱ ወንበሩ ላይ ተንፈላሶ ሲሳደብ አዩ። «ዝም በሉ፣ ሰው እያየን ነው» አሏቸው። መንዝ የርስት አገር ነው፤ ደሃውም ቢሆን «አጽመ ርስቴ» የሚለው ቁራሽ መሬት አያጣም ነበርና፣ የፊልሙ ጭሰኛ ኑሮ የእሳቸው አባት ኑሮ አይደለም። እሳቸውም ይህን ልብ ብለው «ይህ የእኛ አገር ሥርዓት አይደለም» ብለዋል። ስለ አስተራረሱ ግን አንዲት እርማት አላወጡም። ፊልሙ እስኪያልቅም አልተነሡም።

እንግዲህ አስተያየቴ ይኸው ነው። ሄዱ በተደፈነ ዴክ የታየ፣ በስኮች የተቀጠለ፣ ድምፁ የሚንጫጫ ፊልም በዚያ ምክንያት አይበላሽም፤ ሰው ይታገሠዋል። ፊልምን የሚያበላሸው ሠሪው ቀርቦ ሳያየው የቀረጸው ሰው ነው፤ ያ ሰው አንድ ቀን ተመልካች ሆኖ ይመጣል። አሁንም ቲክቶክ ላይ ያው ባላገር ዱላውን ይዞ ሊፍት እያየ ሲያማትብ አያለሁ፤ ልብሱ እንኳ አልተቀየረለትም። ለሚሠሩት ልጆች የምላቸው አጭር ነው። ስለ መንዝ ሰው የሠራችሁትን ከመልቀቃችሁ በፊት መሐል ሜዳ አምጡና የገበያ ቀን ሱቄ በር ላይ ክፈቱት። ስለ ቤት ሠራተኛ ከሆነ ለቤት ሠራተኛዋ፣ ስለ ታማሚ ከሆነ ለታማሚው አሳዩት። እነሱ ፊት ሳይፈርስ የቆመ ቀልድ ብዙ ዘመን ይሄዳል። የፈረሰውን ግን እዚያው አስተካክሉት፤ ከ10 ዓመት በኋላ ሜሞሪ ይዞ መጥቶ «አጥፋልኝ» የሚለኝ ሰው የሥራችሁን ጉድለት ቀድሞ ይነግራችኋልና።